ከክትክታው ዛፍ ሥር፦ በነቀርሳ ሕክምና ላይ ያሉትን ስለ መደገፍ



ነቢዩ ኤልያስ ከንግሥት ኤልዛቤል ቁጣ ሸሽቶ አንድ ቀን ሙሉ በምድረ በዳ ከተጓዘ በኋላ ከአንድ ክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞቱን እንደ ለመነ ቅዱስ መጽሐፍ ይነግረናል (1ነገ 19፡1-13)። ይህ ሰው ከጥቂት ጊዜ በፊት በቀርሜሎስ ተራራ ላይ ጸልዮ እሳት ከሰማይ ያወረደ ነቢይ ነው። አሁን ግን ደክሞታል፤ ፈርቷል፤ መኖርም ሰልችቶታል። እግዚአብሔር በዚህ ጊዜ ምን አደረገ? አልወቀሰውም፤ እምነትህ ወዴት ሄደ ብሎም አልጠየቀውም። መልአኩን ልኮ በእጁ ዳሰሰው፤ በፍም የተጋገረ እንጎቻና አንድ ማሰሮ ውኃ አቀረበለት። ኤልያስም በላ፥ ጠጣ፥ ተመልሶም ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ መጥቶ ደግሞ አበላው፤ የሚጠብቀው መንገድ ረጅም ነበረና። ያ ዝግ ያለ ድምፅ የተሰማው ከዚህ ሁሉ በኋላ፥ የደከመው ሥጋ አርፎና ተመግቦ የአርባ ቀን መንገድ ከተጓዘ በኋላ ነው።

ይህን ምንባብ ደግሜ እንዳነብ ያደረጉኝ በአቃቂ ቃሊቲ የሚኖሩ አንዲት እናት ናቸው። ዕድሜያቸው ከኀምሳ የዘለለ፥ ልጆቻቸውን በፋብሪካ ሥራ ያሳደጉ ሴት ናቸው። በጡታቸው ላይ የወጣው ዕጢ ነቀርሳ መሆኑ ከታወቀ በኋላ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፤ ቀጥሎም ሰው ሁሉ በአጭሩ «ኬሞ» የሚለውን መድኃኒት በየሦስት ሳምንቱ በደም ሥራቸው እንዲወስዱ ታዘዘላቸው። የመጀመሪያውንና ሁለተኛውን እንደ ምንም ተወጡት። ሦስተኛውን ሊወስዱ ሲሄዱ ግን፥ የተሳፈሩበት ታክሲ ሳሪስ ሲደርስ፥ መድኃኒቱ ገና ሳይነካቸው ሆዳቸው ተገለባበጠ፤ አስመለሳቸውም። አፍረው ከታክሲው ወረዱ፤ ወደ ቤታቸውም ተመለሱ። በዚያ ቀን ሆስፒታል አልደረሱም።

ሊጠይቋቸው ከመጡት ሰዎች መካከል አንዲት ሴት «ይህ ፍርሃት ነው፤ ፍርሃት ደግሞ የእምነት ጉድለት ነው፤ ያመነ ሰው መርፌ አያስፈልገውም» አለቻቸው። ነርስ የሆነች የእኅታቸው ልጅ ቀስ ብለው በመተንፈስ ሰውነታቸውን የሚያረጋጉበትን ልምምድ ብታስተምራቸው፥ አንድ ጎረቤት «ይህ የሕንዶች አምልኮ ነው፤ ርኩስ መንፈስ ይገባብዎታል» ብሎ አስፈራራቸው። እኔ በሄድኩ ጊዜ እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ፦ «አባ፥ የታመምኩት እምነቴ ስለ ጎደለ ነው? መተንፈሱስ ኃጢአት ነው?»

እውነቱን ለመናገር በዚያ ቀን የሚገባውን መልስ አልሰጠኋቸውም። «አይዞዎት፥ ይጸልዩ» ብዬ ባርኬያቸው፥ ሌላ ቤት ይጠብቀኝ ስለ ነበር ፈጥኜ ወጣሁ። መልአኩ ወደ ኤልያስ የሄደው እንጎቻ ይዞ ነበር፤ እኔ ግን ባዶ እጄን ሄጄ ባዶ ቃል ትቼ ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ ሐኪሞችን ጠየቅሁ፤ የቤተ ክርስቲያንንም ሰነዶች ገለጥሁ። ለእኚህ እናት ዘግይቼ የሰጠሁትን መልስ ለእናንተም ላካፍላችሁ እወዳለሁ፤ ተመሳሳይ ጥያቄ የሚጠይቃችሁ ሰው አይጠፋምና።

የመጀመሪያውን ጥያቄ ጌታችን ራሱ መልሶታል። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው «ማን በደለ?» ብለው ሲጠይቁት፥ እርሱም ወላጆቹም አለመሆናቸውን ነገራቸው (ዮሐ 9፡1-3)። የኢዮብን ወዳጆችም እናስታውስ። ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከአጠገቡ በዝምታ በተቀመጡ ጊዜ መልካም ወዳጆች ነበሩ፤ የተሳሳቱት አፋቸውን ከፍተው የመከራውን ምክንያት ሊያስረዱት በጀመሩ ጊዜ ነው። እኛ የምንጎበኝ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ሰባቱን ቀን ዘልለን ወደ ንግግሩ እንገባለን።

በታክሲው ውስጥ የሆነውንም ሐኪሞች በሚገባ ያውቁታል። አንድ ጊዜ አንድ ምግብ ክፉኛ ያሳመመው ሰው ከዓመታት በኋላም ሽታው ብቻ ሆዱን እንደሚያውከው ሁሉ፥ ሁለት ሦስት ጊዜ በኬሞ የታወከ ሰውነትም የሆስፒታሉን ሽታ፥ የመንገዱን መታጠፊያ፥ የነርሷን ልብስ ቀለም ሳይቀር ከሕመሙ ጋር አያይዞ ይማራል። ሰውዬው ሳያዝዘው ሆዱ ቀድሞ ይሸበራል። ይህ ኃጢአትም የእምነት ድክመትም አይደለም፤ ሥጋችን የተማረውን መድገሙ ነው። የማቅለሽለሽ መከላከያ መድኃኒት ስላለም ለሐኪም ሊነገር ይገባል፤ እኚህ እናት ግን አፍረው ሳይናገሩ ቆይተው ነበር። ሥጋ ፍርሃትን መማር ከቻለ ዕረፍትንም መማር እንደሚችል ደግሞ ሐኪሞች ደርሰውበታል፤ የአእምሮና የአካል ልምምዶች የሚባሉትም ከዚህ የተነሡ ናቸው። በዝግታ መተንፈስ፥ ጡንቻን ከእግር ጀምሮ እስከ ፊት አጥብቆ መያዝና መልቀቅ፥ ዓይንን ጨፍኖ አንድን የሰላም ስፍራ በልብ መሳል፥ ጸጥ ያለ ዜማ መስማት፥ አሳብን ሰብስቦ አሁን ባሉበት ሰዓት ላይ ማሳረፍ፥ እንደ ዐቅም ቀስ ብሎ መራመድ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው።

አሠራራቸው ድብቅ አይደለም። ሰው ሲፈራ ልቡ ይሮጣል፤ ትንፋሹ ያጥራል፤ ጡንቻው ይጠብቃል፤ ሆዱም ይዘጋል። ይህን ሁሉ የሚያንቀሳቅሱት ነርቮች ለፈቃዳችን አይታዘዙም፤ ልባችንን «ዝግ በል» ብለን ብናዝዘው አይሰማንም። ትንፋሽ ግን ከሁለቱም ወገን ነው፤ ሳናስበው ይሠራል፥ ስናዝዘውም ይታዘዛል። ስለዚህ ትንፋሽ እንደ በር ሆኖ ያገለግላል፤ በተለይ አየር ስናስወጣ ብናዘገየው የልብ ምት ይረጋጋል፥ ሌላውም የአካል ክፍል ይከተላል። የሃርቫርዱ ሐኪም ኸርበርት ቤንሰን እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ፥ ሰው ጸጥ ብሎ ተቀምጦ አንዲት ቃል ወይም አጭር ጸሎት ሲደጋግም ሰውነቱ ከፍርሃት ተቃራኒ ወደ ሆነ ዕረፍት እንደሚገባ ገልጿል። ጆን ካባት ዚን የተባለ ምሁርም እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል ውስጥ ሥር የሰደደ ሕመም ላለባቸው ሰዎች ተመሳሳይ ሥልጠና ጀምሯል።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ ግን እ.ኤ.አ. በ2001 በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ጥናት ነው። ሉቺያኖ በርናርዲ የተባለ ጣሊያናዊ ሐኪምና ባልደረቦቹ 23 ጤነኛ ሰዎች የመቁጠርያን ጸሎት በላቲን እንዲደግሙ አደረጉ፤ ትንፋሻቸውንና የልባቸውንም ምት ለኩ። ጸሎቱ ሳያስቡት ትንፋሻቸውን በደቂቃ ወደ ስድስት ገደማ አዘገየው፤ የልባቸው ምትና የደም ግፊታቸውም ከዚያው ጋር አብሮ መጓዝ ጀመረ። አያቶቻችን ያለ አንዳች መለኪያ በየማታው ያደርጉት የነበረው ይህን ነበር። ደግሞም በግዕዝ ሥርዓታችን እግዚኦታን በዝግታ እያዜመ የሚደጋግም ሕዝብ ይህን ነገር ከማንም ሊዋስ አያስፈልገውም። (በአንዳንድ ቁምስና መቁጠርያ የሚደገምበትን ፍጥነት፥ መኪና ያመለጠው ሰው ሩጫ የሚመስለውን፥ በርናርዲ ቢለካው ኖሮ ምን ባገኘ ነበር እላለሁ። እኔም ከዚህ ጥፋት ንጹሕ አይደለሁም።)

ነገር ግን ወዳጆቼ፥ እዚህ ላይ መጠንቀቅ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1989 ዴቪድ ስፒገል የተባለ የስታንፎርድ ሐኪም የጡት ነቀርሳቸው ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል የተዛመተባቸውን 86 ሴቶች አጥንቶ፥ በየሳምንቱ ተሰብስበው የተነጋገሩትና ራስን ማረጋጋት የተማሩት ከሌሎቹ ይልቅ ረጅም ዕድሜ እንደ ኖሩ ጻፈ። ዜናው በዓለም ተሰማ፤ ብዙዎችም «አእምሮ ነቀርሳን ያሸንፋል» እስከ ማለት ደረሱ። እ.ኤ.አ. በ2001 ግን በካናዳ 235 ሴቶች ላይ የተካሄደ ሰፋ ያለ ጥናት ስብሰባው ዕድሜ እንደማያስረዝም አሳየ። በከንቱ ነበር ማለት ነውን? አይደለም፤ በዚያው ጥናት በስብሰባው የተካፈሉት ሴቶች ጭንቀታቸው ቀንሷል፤ ሕመማቸውም ቀልሏል። እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ የካንሰር ሐኪሞች ማኅበር ከሌላ የሙያ ማኅበር ጋር ባወጣው መመሪያ እነዚህን ልምምዶች በሕክምና ላይ ላሉ ሰዎች ጭንቀት እንዲውሉ የመከረው በዚሁ ልክ ነው፤ ለእፎይታ እንጂ ለፈውስ አይደለም። ዕጢውን የሚዋጋው ቀዶ ሕክምናው፥ መድኃኒቱና ጨረሩ ነው።

ሕክምናቸውን ትተው በሌላ ነገር ብቻ የተማመኑ ሰዎች የገጠማቸውንም ልንሰውር አይገባም። በየል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት፥ የተለመደውን ሕክምና ትተው አማራጭ የተባለውን ብቻ የመረጡ 281 ሕሙማን የመሞት ዕድላቸው ሕክምናውን ከተቀበሉት ሁለት ተኩል እጥፍ መሆኑን አሳይቷል፤ በጡት ነቀርሳ ደግሞ ከአምስት እጥፍ በላይ ነበር። እኛ ሰፈር ዮጋ ብሎ ከሕክምና የሚቀር ሰው አላየሁም፤ ጸሎትና ጸበል ብሎ የሚቀር ግን አለ። ይህን የምለው ጸበልን ለመንቀፍ አይደለም፤ ጎረቤቶቻችን በታላቅ እምነት የሚሄዱበትን ነገር ማቃለል አይገባኝም። ሲራክ ግን በምዕራፍ 38 መድኃኒትን ከምድር የሚያወጣ፥ ለሐኪሙም ጥበብን የሚሰጥ ያው አንዱ ጌታ መሆኑን ያስተምረናል፤ የታመመ ሰው እንዲጸልይ ያዝዛል፥ ለሐኪሙም ስፍራ እንዲተው ያዝዛል። ሁለቱን ያጣላናቸው እኛው ነን።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልመለስ፤ መተንፈሱስ ኃጢአት ነው? የእምነት ትምህርት ማኅበር በካርዲናል ዮሴፍ ራትዚንገር፥ ኋላ ር.ሊ.ጳ. ቤነዲክቶስ 16ኛ በሆኑት፥ ተፈርሞ ጥቅምት 15 ቀን 1989 እ.ኤ.አ. ለጳጳሳት በጻፈው መልእክት ስለ ክርስቲያናዊ አስተንትኖ ሲያስተምር ሁለት ነገር ይላል። በአንድ በኩል፥ ከምሥራቅ ክርስቲያኖችም ሆነ ከሌሎች ሃይማኖቶች የመጡ የአካልና የትንፋሽ ልምዶች፥ የክርስቲያን ጸሎት ምን እንደ ሆነ እስካልተዘነጋ ድረስ፥ የሚጸልየው ሰው በውስጡ ረግቶ በእግዚአብሔር ፊት እንዲቆም ሊረዱት ይችላሉ። በሌላ በኩል፥ ከእነዚህ ልምዶች የሚገኘውን የሰውነት ዕረፍት የመንፈስ ቅዱስ መጽናናት አድርጎ መቁጠር ስሕተት ነው። እንግዲህ ስሙን አናምታታ። ትንፋሽን ማዘግየት ትኩሳት ያለበትን ሰው ፊት በእርጥብ ጨርቅ እንደ ማበስ ያለ የሥጋ ምሕረት ነው። ማንንም ማምለክ አይደለም፤ እንደ ምሥጢርም አይቆጠርም። የባዕድ አምላክ ስም ጥራ የሚል አስተማሪ ቢመጣ ያን ጊዜ እምቢ እንላለን። ቅዱስ ኢግናጥዮስ ዘሎዮላም ከአምስት መቶ ዓመት ገደማ በፊት በጻፈው የመንፈሳዊ ልምምድ መጽሐፍ፥ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ከአባታችን ሆይ አንዲት ቃል ብቻ እያሰቡ መጸለይን አስተምሯል። ያን የፈራ ጎረቤት ይህን ቢሰማ ይጽናና ይሆናል።

ስለ ሕመም ማስታገሻ አንድ ቃል ልጨምር፤ በዚህ ረገድ አንዳንድ መንፈሳዊ ሰዎች ሲያጠፉ አይቻለሁና። መስቀሉን ይሸከም እያሉ ለሚጮኽ ሕመምተኛ ሞርፊን እንዳይሰጠው የሚከራከሩ አሉ። ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 12ኛ የካቲት 24 ቀን 1957 እ.ኤ.አ. ለሐኪሞች ባደረጉት ንግግር ከባድ ሕመምን በመድኃኒት ማስታገሥ የተፈቀደ መሆኑን በግልጽ አስተምረዋል። ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ1984 ስለ ስቃይ ትርጉም በጻፉት ሐዋርያዊ መልእክት የስቃይን ታላቅ ምሥጢር ካብራሩ በኋላ የሚያደርሱን ወደ ደጉ ሳምራዊ ነው፤ ሳምራዊው ደግሞ ዘይትና ወይን አፍስሶ ቁስሉን አሰረ እንጂ ለቆሰለው ሰው ስለ መከራ ጥቅም አልሰበከለትም። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2003 የተመሠረተው ሆስፒስ ኢትዮጵያ ሕሙማንን በየቤታቸው እየጎበኘ ይህን አገልግሎት ሲሰጥ ቆይቷል። ትንፋሽ ሞርፊንን አይተካም፤ አጥንቱን ነቀርሳ የበላውን ሰው «በርትተህ ተንፍስ» ማለት ጭካኔ ነው።

አሁን የምትጎበኙ ሆይ፥ ወደ ቤቱ እንግባ። በር ላይ ሳላችሁ ጉንፋን ካለባችሁ ተመለሱ፤ ኬሞ የሰውነትን መከላከያ ያዳክማልና ለእናንተ ቀላል የሆነው ለእርሳቸው አደጋ ነው። ስትገቡ ቡና እንዲቆላ አትጠይቁ፥ ዕጣንም ሳትጠይቁ አታጢሱ፤ ለእኛ ደስ የሚለው ሽታ ለኬሞ ታካሚ ማስታወኪያ ሊሆን ይችላል። ይህን ማለት ለኢትዮጵያዊ ጠያቂ ከባድ እንደ ሆነ አውቃለሁ። ተቀመጡ። ብዙ አታውሩ። የሚፈቅዱ ከሆነ አብራችሁ ተንፍሱ፤ በአፍንጫ ቀስ ብሎ አራት እስኪቈጠር ወደ ውስጥ፥ ከዚያ ረዘም አድርጎ ስድስት እስኪቈጠር ወደ ውጭ፤ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ቊጥሩ ካስጨነቃቸው ቊጥሩን ተዉትና በኢየሱስ ስም ተኩት፤ ካዞራቸው አቁሙ፤ ሳንባቸው የታመመ ከሆነ አስቀድሞ ሐኪም ይጠየቅ። ዓይን መጨፈን የሚያስፈራቸው አሉና አታስገድዱ። ስግደት የለመዱ ሽማግሌ ነቀርሳው አጥንታቸው ውስጥ ከገባ ስግደቱን ይተዉ፤ ጾሙንም እንዲሁ፤ ቤተ ክርስቲያን ሕሙማንን ከጾም ግዴታ ነፃ ታደርጋለች። ትኩሳት ካላችሁበት ግን፥ በተለይ ኬሞ በተወሰደ በጥቂት ቀናት ውስጥ፥ ትንፋሹንም ጸሎቱንም በመኪና ውስጥ አድርጉት። በዚያው ሰዓት፥ ሌሊትም ቢሆን፥ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ፤ ትኩሳቱ እስኪነጋ አይጠብቅም።

ካህንም ጥሩ። ምሥጢረ ቀንዲል የመሞቻ ምልክት እየመሰለን ካህን ዘይት ይዞ ሲገባ ቤተሰቡ የሚያለቅስበት ጊዜ አለ። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1963 ይህ ምሥጢር በሞት አፋፍ ላይ ላሉት ብቻ አለመሆኑን አስታውሶናል፤ ያዕቆብም የጻፈው ስለ ታመመ ሰው ነው (ያዕ 5፡14-15)። ከኬሞው በፊት ቢሰጥ ይሻላል።

ወደ እኚህ እናት በሁለተኛው ሳምንት ተመለስኩ፤ በዚህ ጊዜ እንጎቻ ባይሆንም ብርቱካን ይዤ ሄድሁ። ለሁለቱም ጥያቄዎቻቸው «አይደለም» አልኋቸው፤ የኤልያስንም ታሪክ ነገርኋቸው። «መልአኩ ሁለት ጊዜ ነው ያበላው?» ብለው ደጋግመው ጠየቁኝ፤ ደስ ያላቸው እርሱ ነበር። ያመለጣቸውን ቀን ለሐኪማቸው ተናገሩ፤ የማቅለሽለሽ መከላከያው ተለወጠላቸው፤ አዲስ ቀጠሮም ተሰጣቸው። አንዲት የትምህርተ ክርስቶስ መምህርት አብራቸው ለመሄድ ተስማማች፤ እኔም በዚያ ጠዋት ሦስተኛ ሆኜ ገባሁ።

ሳሪስ ስንደርስ ፊታቸው ተለወጠ። መቁጠርያቸውን ያዙ፤ መምህርቷም እጃቸውን ያዘች። በአንድ ፍሬ አንድ ትንፋሽ፥ በዝግታ። ጎተራን አለፍን። ከአጠገባችን የነበረ ወጣት መስኮቱን ከፈተላቸው፤ ረዳቱም ምን እንደ ሆነ ሳይጠይቅ ሙዚቃውን ቀነሰ። ሜክሲኮ ስንደርስ አንድ ጊዜ አስመለሳቸው፤ ላስቲክ ይዘን ነበር። አፋቸውን ጠርገው ውኃ ተጎነጩና ወደ መምህርቷ ዞረው «ስንተኛው ፍሬ ላይ ነበርን?» አሏት።

በዚያን ቀን ጥቁር አንበሳ ደረሱ፤ መድኃኒቱንም ወሰዱ። ይህን ስጽፍ ኬሞውን ጨርሰው የጨረር ሕክምና ተራቸውን እየጠበቁ ነው። የሌጌዎነ ማርያም እናቶች ለመንገዱ ተራ ገብተዋል፤ ለማክሰኞና ለኀሙስ ግን እስካሁን ሰው አልተገኘም።